የሞተሩን ቁጥር በግራይንደር አታጥፉት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ከአንድ ግቢ አሮጌ የጣሊያን ሞተር ሳይክል በወጣ ቁጥር «የፋብሪካ የውድድር ሞተር ነው» የሚል ወሬ አብሮ ይወጣል። ዋጋውም በዚያው ይሰቀላል። እኛን የሚያሳዝነን ግን ገዢው ከመምጣቱ በፊት የሚሠራው ጥፋት ነው። እንዲያምር ተብሎ በአሸዋ ይነፋል፣ ቀለም ይቀባል፣ ቁጥር የተመታበት ቦታ ሳይቀር በግራይንደር ይለሰልሳል። ማንነቱን የሚያስረዳው ነገር የሚጠፋው እዚያ ላይ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በልኬቱ ነው። የጣሊያኑ ሞተር ሳይክል ፋብሪካ ሞቶ ጉዚ እ.ኤ.አ. ከ1939 እስከ 1945 ለጣሊያን ጦር የሠራው «አልቼ» የሲሊንደሩ ስፋት 88፣ የፒስተኑ ምት 82 ሚሊ ሜትር ነው። በዚያው ዘመን ለውድድር የተሠራው «ኮንዶር»ም 88 በ82 ነው። የተኛው ሲሊንደርና ከውጭ የሚታየው ቮላኖ (ከባዱ ተሽከርካሪ ጎማ መሰል ብረት) የሁለቱም መልክ ስለሆነ አይለዩም። ቴስታታውን፣ ማለትም የሲሊንደሩን ክዳን፣ ይመልከቱ። አልቼ አንዱ ቫልቭ ከጎን፣ ሌላው ከላይ ነው፤ የኮንዶር ሁለቱም ከላይ ናቸው። አንድ ቫልቭ ከጎን ካገኙ የኮንዶሩ ወሬ እዚያው አበቃ። ሁለቱም ከላይ ቢሆኑም ገና አልተረጋገጠም፤ እ.ኤ.አ. በ1950 የወጣው የመንገድ ሞተር «ፋልኮኔ»ም እንዲሁ ነውና።

ቀጥሎ ብረቱን መመርመር ነው። ለውድድር በተሠሩ ሞተሮች ላይ ክብደት ለመቀነስ የማግኒዥየም ቅይጥ በብዛት ይገባ ነበር። የተፈታ ክዳን ካለ በደረቁ ይመዝኑት፤ ከዚያ በክር አንጠልጥለው ውሃ ውስጥ እንደገባ ይመዝኑት። የደረቁን ክብደት ለልዩነቱ ያካፍሉ። ለምሳሌ በደረቁ 900፣ ውሃ ውስጥ 400 ግራም ከሆነ ልዩነቱ 500 ነው፤ 900 ለ500 ሲካፈል 1.8 ይመጣል፣ ማግኒዥየም ነው። ወደ 2.7 ከተጠጋ አሉሚኒየም ነው። ወዲያው ያድርቁት፣ ማግኒዥየም በእርጥበት ነጭ ዱቄት እያወጣ ይበላል። በሞረድም ሆነ በግራይንደር አይንኩት። ብናኙ እሳት ከያዘ ውሃ ያባብሰዋል፤ ደረቅ አሸዋ በአጠገብ ይኑር።

ቁጥሩን በተመለከተ፦ በእጅ የተመታ ቁጥር ጥልቀቱ እኩል አይደለም፣ ዙሪያው በትንሹ ያበጠ ነው። ቦታው እንደ መስታወት ልሙጥ ሆኖ ቁጥሩ ብቻ ስል ከሆነ፣ ወይም የዙሪያው ሻካራ መልክ በድንገት ከተቋረጠ ይጠርጥሩ። ሻንሲ ላይ በስሱ የተፋቀ ቁጥር አንዳንድ ጊዜ ይመለሳል፤ ምቱ ከሥሩ ያለውን ብረት አጨናንቆታልና በቤተ ሙከራ በአሲድ ሊወጣ ይችላል። በላዩ ላይ ከተበየደ ግን ሙቀቱ ያንን አሻራ ስለሚያጠፋው ተስፋው የመነመነ ነው።

ፋብሪካ ለራሱ ቡድን የሠራውና ለግል ተወዳዳሪ የሸጠው የተለያዩ ናቸው። የሞቶ ጉዚ ባለ ስምንት ሲሊንደር ለገበያ አልቀረበም፤ ፋብሪካው ከሌሎቹ የጣሊያን ፋብሪካዎች ከጂሌራና ከሞንዲያል ጋር እ.ኤ.አ. በ1957 መጨረሻ ከዓለም ሻምፒዮና ወጣ። የእንግሊዙ ማችለስ «ጂ 50» ግን ለተወዳዳሪዎች ይሸጥ ነበር፤ ዛሬ ካርተሩ (የሞተሩ ዋና አካል) ሳይቀር አዲስ ይሠራለታል። ስለዚህ ቁጥሩ ትክክል መሆኑ ብቻ አይበቃም። በቡድኖች ውስጥ ሞተርና ሻንሲ ይቀያየር ስለነበር ሁለቱ ቁጥሮች ባይገናኙም የግድ ማጭበርበር አይደለም። የሽያጭ ውሉ የትኛው ክፍል የድሮ፣ የትኛው አዲስ እንደሆነ ለይቶ ይጻፍ። ሊብሬ ያለው ካለም የሊብሬውን ቁጥር ከሻንሲውና ከሞተሩ ጋር ያስተያይ።

እዚህ አካባቢ የሚገኘው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከነበረው የጣሊያን ጦር የተረፈ የጦር ሞተር የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ያም ቢሆን በራሱ ስም ውድ ነው፤ የውድድር ነው ብሎ መዋሸት አያስፈልግም። አሮጌ ሞተር ያለው ሰው ለቁራሌው ከመስጠቱና ከመፍታቱ በፊት ሁለቱን ጎን፣ ቴስታታውንና ቁጥሮቹን አጠገቡ ማስመሪያ አድርጎ ፎቶ ያንሳ። ቁጥሩን በጨርቅና በናፍጣ ብቻ ያጽዳው። የከተሞቻችን የባህል መሥሪያ ቤቶችም እነዚህን ፎቶዎች ተቀብለው የሚመዘግቡበት አንድ መዝገብ እንዲከፍቱ በዚህ ጋዜጣ በኩል እንጠይቃለን።

የአሮጌ ሞተር ሳይክል ጠጋኞች፣ ከደሴ