ኢልግን በአንድ መስመር?

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ስለ ምድር ባቡር ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ፤ ግን ስዊዙ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በአንድ መስመር መታለፉ ቅር አሰኘኝ። ሰውዬው አንኮበር ምኒልክ ዘንድ የደረሰው በ1879 (እ.ኤ.አ.) ነው፣ ገና በ20ዎቹ ዕድሜው። ከዚያ ወዲያ ስዊዝ መመላለስ ሆነ፤ ያኔ አውሮፕላን የለ፣ መጀመሪያ በረሃውን ከግመል ጋር ማቋረጥ፣ ቀጥሎ መርከብ። ከእንጦጦ ውሃ በቧንቧ ስቦ ቁልቁል ካወረደ በኋላ መልሶ ሽቅብ ወደ ቤተ መንግሥቱ ጉብታ ሲያወጣውማ፣ እኔም ብሆን ሳላይ አላምንም ነበር! በ1895 ፋኒን አግብቶ አዲስ አበባ ይዟት መጣ፣ ልጆችም አፈሩ። የባቡሩን ፈቃድ በ1894 ከምኒልክ የተቀበለው እሱ ነው። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1917 ነው። ኢልግ ዓመት ቀድሞ ዙሪክ ላይ አርፏል፣ ፉጨቱን አልሰማም።

አንባቢያችሁ