የፎቶግራፍ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ አንድ ካሜራ፣ ሦስት ሌንስ

ዘንድሮ በፎቶግራፍ ክበባችን ትልቁ ወሬ ካሜራው ነበር። አሜሪካ የሚኖር የቀድሞ ተማሪያችን ለመስቀል አገር ቤት ሲመጣ አንድ ፔንታክስ ኬ1000 የፊልም ካሜራ፣ ሦስት ሌንሶችና አንድ ካርቶን ጥቁርና ነጭ ፊልም ይዞልን መጣ። እስከ አምና ክበቡ የሚሠራው በስልክ ነበር፤ የወጡትም ሥራዎች ጥሩ ነበሩ። እኔ ግን የፊዚክስ መምህር ነኝና አንድ ነገር ሁልጊዜ ይከነክነኝ ነበር። ስልክ ብርሃኑን ራሱ ለክቶ፣ ራሱ ወስኖ፣ ራሱ አሳምሮ ያቀርባል። ተማሪው በመሃል ምን እንደተደረገ አያይም። ይህ ካሜራ የሚደብቀው ነገር የለም፤ የዘንድሮው ዘገባዬ አብዛኛው ስለ እሱ የሆነውም ለዚህ ነው።

ካሜራው ለእኛ አዲስ ይሁን እንጂ በዕድሜ ከተማሪዎቹ ሁሉ ይበልጣል። የኬ1000 ምርት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1976 ሲሆን እስከ 1997 ድረስ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ይህን ያህል የቆየው ቀላል በመሆኑ ነው። ሻተሩ (ተከፍቶ ሲዘጋ ብርሃን ወደ ፊልሙ የሚያሳልፈው መጋረጃ) በስፕሪንግና በጥርስ ብቻ ስለሚሠራ ያለ ባትሪም ያነሳል። አንዲቷ ትንሽ ክብ ባትሪ የምታገለግለው በመመልከቻው ውስጥ በስተቀኝ የምትታየውን የብርሃን መለኪያ መርፌ ለማንቀሳቀስ ነው። መርፌዋ መሃል ላይ ከቆመች ብርሃኑ ልክ ነው፤ ከወጣች በዝቷል፣ ከወረደች አንሷል። መለኪያው ማጥፊያ የለውም። ሌንሱ ክዳን ካልተደረገበት ባትሪው ሲሠራ አድሮ ያልቃል። ስለዚህ ልጆቹ እርስ በርስ መጠባበቅ ጀመሩ፤ ካሜራው ጠረጴዛ ላይ በተቀመጠ ቁጥር አንዱ "ክዳን!" ይላል።

በእጅ ሲያዝ ይከብዳል። ብረት ነው። ፊልሙን የሚያሳልፈውን ዘንግ በአውራ ጣት ሲስቡት ጥርሱ ሲይዝ ይሰማል፤ ቁልፉ ሲጫን ደግሞ መስተዋቱ ተነስቶ ሲመለስ ጠንከር ያለ ድምፅ ያወጣል። በአንድ ጥቅል 36 ፎቶ ብቻ መሆኑን ልጆቹ ሲሰሙ መጀመሪያ ደነገጡ። በኋላ ግን ከመጫናቸው በፊት ዳር ዳሩን ማየት፣ ከኋላ የቆመውን የመብራት ምሰሶ ማስተዋል፣ አንድ እርምጃ ወደ ጎን መሄድ ልማድ ሆነባቸው።

ከሁሉም የወደድኩት ክፍለ ጊዜ ሌንሶቹን በማስመሪያ የለካንበት ነው። በሌንሱ ቀለበት ላይ 2፣ 2.8፣ 4፣ 5.6፣ 8፣ 11፣ 16፣ 22 የሚሉ ቁጥሮች ተጽፈዋል። ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ለምን እንደሚጠብ ብዙ ሰው ግራ ይገባዋል። ነገሩ ማካፈል ነው፦ የሌንሱ የፎከስ ርቀት (ሌንሶቹን 28፣ 50፣ 135 ሚሊ ሜትር እያልን የምንጠራበት) ለዚያ ቁጥር ሲካፈል የቀዳዳው ወርድ (ዲያሜትር) ይገኛል። የፔንታክስ ሌንስ ከካሜራው ሲወልቅ ቀዳዳው ቀለበቱ ላይ ባለው ቁጥር ልክ ስለሚጠብ ቁጭ ብሎ ማየት ይቻላል። 50 ሚሊ ሜትሩን 2 ላይ አድርገን ከፊት ለፊት ማስመሪያ ስናስጠጋ ወደ 25 ሚሊ ሜትር ሆነ። 8 ላይ ሲሆን 6 ሚሊ ሜትር ገደማ። ከዚያ የክብ ስፋትን ቀመር ከሰባተኛ ክፍል ሒሳብ አመጣን። በ2 ላይ የቀዳዳው ስፋት 491 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በ2.8 ላይ 250። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ደብተሯን ይዛ ተነስታ "ቲቸር፣ ግማሽ ሆነ!" አለች። ቀጥላም 4ን፣ 5.6ን ሠራች፤ እንደገና ግማሽ፣ እንደገና ግማሽ። ያን ጊዜ በላይኛው ቀለበት ላይ ያሉት 60፣ 125፣ 250፣ 500 የሚሉት የሻተር ፍጥነቶችም (60 ማለት የሰከንድ 60ኛ ነው) ለምን በእጥፍ እንደሚሄዱ ማንም ሳያስረዳቸው ገባቸው። ቀዳዳውን በአንድ ደረጃ ካጠበብክ ሻተሩን በአንድ ደረጃ ታዘገያለህ፤ ፊልሙ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ያው ነው።

ስለ ሌንሶቹ ያለኝን አስተያየት ሳልሸፋፍን ልጻፍ። 135 ሚሊ ሜትሩ ከልጆቹ ዘንድ እጅግ የተወደደው ነው፤ ሩቁን ያቀርባል፣ ጀርባውን ያደበዝዛል፣ ፊትን ያሳምራል። እኔ ግን ለጀማሪ አልመርጠውም። ከአንድ ሜትር ተኩል በታች አይጠጋም፤ ከ125ኛ ሰከንድ የዘገየ ሻተር ላይ ደግሞ የእጅ መንቀጥቀጥ ፎቶውን ያበላሻል። ከሁሉ የሚከፋው ከሰው እንዲርቁ ያስለምዳቸዋል። 28 ሚሊ ሜትሩ ተቃራኒው ነው። ሁሉንም ይሰበስባል፣ ካልቀረቡት ግን ሁሉንም ያሳንሳል፤ በዳር በኩል የቆመውንም ሰው ይለጥጣል። ጠባቧን የትምህርት ቤቱን ወጥ ቤት ከነምጣዱ፣ ከነጭሱና ከነጋጋሪዋ በአንድ ፎቶ ያስገባልን እሱ ነው። ያን ፎቶ የዓመቱ ምርጥ ከምላቸው እቆጥረዋለሁ።

የእኔ ምርጫ 50 ሚሊ ሜትሩ ነው። ትንሽና ቀላል ነው፤ 2 ላይ ሲከፈት በመስኮት ብርሃን ብቻ ክፍል ውስጥ ያሠራል። እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ስለሚጠጋ የሲኒን አፍ፣ የእጅን መዳፍ ማንሳት ይቻላል። በመመልከቻው መሃል ያለው ክብ ፎከስ ሳይደረግ ይርገበገባል፣ ሲስተካከል ጥርት ይላል፤ ይህን በ50ው ለመልመድ ይቀላል። ሦስቱም ሌንሶች 49 ሚሊ ሜትር ማጣሪያ ስለሚወስዱ አንድ ቢጫ ማጣሪያ ለሁሉም በቅቶናል። ቢጫው ሰማያዊውን ሰማይ ጠቆር ስለሚያደርገው ነጩ ደመና ጎልቶ ይወጣል።

ትልቁ ፈተናችን ጥምቀት ነበር። ጥር 11 ቀን ጠዋት ከወላጆች ጋር ሆነን ጃን ሜዳ ወረድን። ነጠላ፣ ጋቢ፣ የካህናቱ ጥምጥም፤ ዓይን እስኪያጥበረብር ነጭ በነጭ። የካሜራው መርፌ የሚለካው ሁሉንም ነገር መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ነው። ነጭ ነጠላ ሲያይ "ብርሃን በዝቷል" ይላል። እሱን አምኖ ቀዳዳውን ያጠበበ ነጠላው አመድማ፣ ፊቱ ደግሞ ከሰል ይሆንበታል። ስለዚህ መርፌዋን ትተን የቆየውን የፎቶ አንሺዎች ደንብ ያዝን፦ ጠራራ ፀሐይ ከሆነ ቀዳዳው 16፣ ሻተሩ ለፊልሙ ፍጥነት (አይኤስኦ፣ ፊልሙ ለብርሃን ያለው ንቃት) የቀረበው ቁጥር። ፊልማችን አይኤስኦ 400 ስለነበር ሻተሩ 500 ላይ ሆነ። ጥላ ውስጥ ለቆመ ወይም ጃንጥላ ለያዘ ሰው ሦስት ደረጃ ከፍተን አነሳን። አንድ መቋሚያ የያዙ አባት ልጆቹ ቁጥር ሲጠራሩ ሰምተው ቆመው ጠበቁን፤ ልጆቹ "አባ፣ ይባርኩን" ብለው ካነሷቸው በኋላ እሳቸው ደግሞ ሌንሱን ከፊት አዩት። በፎቶው የጥምጥማቸው እጥፋት ይቆጠራል፣ የዓይናቸው ዙሪያ ሽብሽብም አልጠፋም።

ከዚያ በኋላ ስለ ቦያጂያን ቤተሰብ ስናወራ ልጆቹ የሰሙት በሌላ ጆሮ ነበር። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በአፄ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆኖ ሲሠራ የኤሌክትሪክ ብርሃን መለኪያ ገና አልተፈጠረም፤ የቤድሮስ ልጆችም ሙያውን ይዘው እስከ አፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ቀጥለዋል። ነጭ ሸማ የለበሰን ጥቁር ፊት በዓይን ግምት ብቻ ልክ ማድረግ ምን እንደሚጠይቅ ተማሪዎቼ አሁን ያውቁታል።

ፊልሙን ያጠብነው ራሳችን ነን። የስፖርት ዕቃ የነበረበትን መጋዘን መስኮቱን በጥቁር ፕላስቲክ ሸፍነን ጨለማ ክፍል አደረግነው። ብዙዎቹ ቀይ መብራት ጠብቀው ነበር፤ ቀይ መብራት ግን ለማተሚያ ወረቀት እንጂ ለዚህ ፊልም አይሆንም። ፊልሙ ቀዩንም ስለሚያይ ድፍን ጨለማ ያስፈልጋል። በማይረባ ፊልም ዓይናቸውን ጨፍነው ፊልሙን በማጠቢያው መጠምጠሚያ ላይ መጠምጠም ተለማመዱ፤ በጣም የተካኑበትም ከማንም በላይ ዝምተኛ የነበሩት ሁለት የስምንተኛ ክፍል ልጆች ሆኑ። የእኛው ኤችፒ5 ፊልም በዲ-76 ዲቨሎፐር (ምስሉን በሚያወጣው ኬሚካል)፣ ሳይቀጠን፣ በ20 ዲግሪ ሙቀት ሰባት ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ለውኃ ደግሞ የፊልሙ አምራች ኢልፎርድ የሚመክረው ዘዴ ጠቀመን። ቧንቧ ከፍቶ ከማፍሰስ ይልቅ ማጠቢያውን ሞልቶ አምስት ጊዜ መገልበጥና መድፋት፣ እንደገና ሞልቶ አሥር፣ እንደገና ሃያ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በጀሪካን ብቻ ሠርተናል። ያገለገለውን ፊክሰር (ምስሉን የሚያጸናውን ኬሚካል) መሬት ላይ አልደፋነውም፤ የብር ማዕድን ስላለበት በተዘጋ ዕቃ አጠራቅመናል።

የፎቶ ማጉያ ማሽን (ኔጌቲቩን አጉልቶ ወረቀት ላይ የሚያሳርፍ) ስለሌለን ኔጌቲቮቹን ከጀርባ አብርተን በዲጂታል ካሜራ ገለበጥናቸው። ለወላጆች ቀን ዐውደ ርእይ ያቀረብናቸው ፎቶዎች የታተሙትም እንዲህ ነው። ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር ልጆቹ የተጠቀሙበትን ሌንስ፣ ቀዳዳና ሻተር በእጃቸው ጽፈዋል፤ ወላጆች ግን የጠየቁት ስለ ሰዎቹ ነው፣ በተለይ ስለ ጋጋሪዋ። እሳቸውም መጥተው አይተዋል፤ አንድ ቅጂ ተሰጥቷቸዋል።

ለ2018 ዓ.ም. የሚያስፈልገን ማጉያ ማሽንና የማተሚያ ወረቀት ነው። ቤቱ ያረጀ ማጉያ ያስቀመጠ፣ ወይም ፎቶ ቤት ከነበረው ዘመድ የወረሰ ቢኖር በመምህራን ክፍል ያገኘኛል። የካሜራው ተራ መዝገብ ለአዲስ አባላትም ክፍት ነው፤ የመጀመሪያው ፊልም በ50ው ብቻ ይነሳል።