ጥርስ መሞረድ «የውበት ጉዳይ» ነው ላሉን ኃላፊ

ይድረስ በአዳማ የጤና ተቋማትን ለሚቆጣጠሩት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

የቢሮዎን ስምና የበር ቁጥር እዚህ አልጽፍም። እርስዎ ያውቁታል፤ እኛም ኮሪደሩ ላይ ያለውን አግዳሚ ወንበር ለምደነዋል። ከወንበሩ ፊት ለፊት «ጥርስዎን በቀን ሁለት ጊዜ ይቦርሹ» የሚል ፖስተር ተለጥፏል። እህቴ ድዷ እየደማ እሱን ስታነብ ከርማለች። ጥርሷን ሞርዶ ባበላሸባት ክሊኒክ ላይ አቤቱታ አስገባን፤ መዝገብ ቤት ማኅተም መታበት። በአካል መጣን፤ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልን። በስንት ጉትጎታ አንድ መስመር ተኩል መልስ ወጣ። «ጉዳዩ የውበት አገልግሎት በመሆኑ ቢሯችንን አይመለከትም።» ይሁን ብለን የንግድ ፈቃድ የሚሰጡት ዘንድ ሄድን። እነሱ ደግሞ «ጥርስ የጤና ነው፣ ወደ ጤና ሂዱ» አሉን። በዚህ ከተማ ጥርስ ባለቤት የለውም ማለት ነው። ስለዚህ በአደባባይ ልጻፍልዎ።

እህቴ ያደገችው ወንጂ ነው። የወንጂ ልጅ ጥርስ ለምን እንደሚበልዝ ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ግን ይህን የሚያነቡ ሌሎችም አሉና ልናገረው። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ ይበዛል። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም አይለፍ ይላል። ወንጂ የተቆፈሩት ጉድጓዶች ከዚህ በብዙ እጥፍ ያለፉ ነበሩ። የስኳር ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ በየሠራተኛ ካምፑ ያንን ውሃ ጠጥቶ ያደገ ልጅ ቤት ይቁጠረው። አንዳንዶቹ የፋብሪካው ጡረተኞች ወገባቸው ሳይቀር ደርቆ የቀረው በዚሁ ውሃ ነው። አያድርስ ነው፤ የስኳር አገር ሆኖ ጥርስ የጎዳው ስኳሩ ሳይሆን ውሃው!

ፍሎራይዱ ጉዳቱን የሚያደርሰው ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ፣ በልጅነት ነው። ቡናማው ቀለም ከላይ የተለጠፈ ቆሻሻ አይደለም። ቢቦርሹት አይለቅም፤ ቢያሳጥቡትም አይለቅም። የበለዘ ጥርስ ሁሉ ግን የበሰበሰ ጥርስ አይደለም። የእህቴ ጥርስ በልዟል እንጂ አልተቦረቦረም። አሟትም አያውቅም። ሸንኮራ በጥርሷ ልጣ የምትበላ ልጅ ነበረች።

እና ለምን ነካችው ይሉ ይሆናል። አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት፤ ይህን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ያንን ሁሉ ተሰብሳቢ በፈገግታ የሚቀበል ሰው ሆቴሎቹ ይፈልጋሉ። እህቴ በእንግዳ ተቀባይነት ተወዳደረች። ስትስቅ አፏን በእጇ ስለምትሸፍን ምክንያቱን ሳይነግሯት መለሷት። በዚያው ሰሞን ቲክቶክ ላይ «በአንድ ቀን ሆሊውድ ስማይል» የሚል ማስታወቂያ አየች። ክሊኒኩ እዚሁ መሀል ከተማ ነው። ስሙን ለእርስዎ በአቤቱታው ላይ ጽፈንልዎታል።

ራጅ አልተነሳችም። ድዷን ያየላት የለም። ጥርስሽ ይሞረዳል ያላት ሰው የለም። «ነጭ እናደርግልሻለን» አሏት። ማደንዘዣ ተወጋች፤ አፏን ከፈተች፤ ማሽኑ ጮኸ። ስድስት የላይ የፊት ጥርሶቿ ተሞርደው እንደ ክብሪት እንጨት ቀጠኑ። ከዚያ ክራውን የሚሉት ነጭ ሽፋን፣ ስድስቱም አንድ ላይ ተያይዘው፣ ተደፋባቸው። «በይ ሳቂ» ብለው ፎቶ አነሷት። ገንዘቡን በሞባይል ተቀበሉ፤ ደረሰኝ ቆይተሽ ውሰጂ አሏት። ስትወጣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሙያ ፈቃድ አየች። ፎቶው ላይ ያለው ሰው ሌላ ነው፤ አፏ ውስጥ ማሽን የከተተው ሌላ።

ሳምንታት ሳያልፉ ድዷ አብጦ ቀላ። ስትቦርሽ መድማት ጀመረ። ከዚያ ሽታ መጣ። ከዚያ አንድ ቀን ምሳ ስትበላ ሽፋኑ ካንዱ ጥርስ ላይ ተሰብሮ ቆሎ መሰላትና አላመጠችው። ከሥሩ የወጣውን ቀጭን ጉቶ በስልኳ ካሜራ ስታይ አጠገቧ ነበርኩ። እንጀራውን ገፋ አድርጋ ተነሳች።

አዲስ አበባ ወስጄ ያሳየኋቸው ሐኪም ነገሩን በቀላሉ አስረዱን። የሽፋኑ ጠርዝ ከድዱ ሥር ተገፍቶ ገብቷል። ጥርሶቹ ስለተያያዙ በመካከላቸው ክር አያልፍም፤ ምግብ እዚያው ይቀራል። በጥርስ ላይ የሚቀረው ነገር ቆይቶ ድንጋይ ይሆናል፤ ድዱ ይቆጣል፤ በጊዜ ካልተጸዳ ከድዱ አልፎ ጥርሱን የያዘውን አጥንት ይበላል። ድድ ብቻ ሲቆጣ ይድናል። የተበላ አጥንት ግን እንደ ነበረ አይመለስም። ከስድስቱ የሁለቱ ነርቭ ሞቷል፤ የሥር ሕክምና ያስፈልጋቸዋል። ካልዳኑ ይነቀላሉ። ከዚያ ምርጫው ወይ የሚወልቅ ጥርስ ነው፣ ወይ አጥንት ውስጥ የሚቀበር የቲታኒየም ብሎን፣ ኢምፕላንት የሚሉት። እሱም አጥንቱ ከተረፈ ነው። ዋጋውን ሰምተን ዝም ብለን ወጣን።

የተሞረደ ጥርስ ተመልሶ አይበቅልም። በወጉ የተሠራ ሽፋን እንኳ ከዓመታት በኋላ መቀየር አለበት። እህቴ 23 ዓመቷ ነው። እስክታረጅ ስንት ጊዜ እንደምትቀይር እርስዎ ያስሉት።

ለበለዘ ጥርስ ምንም አይደረግ እያልኩ አይደለም። ቀለል ያለው ላዩን በስሱ ተፍቆ ወይም በመድኃኒት ነጥቶ ይሻሻላል። ጠንከር ያለውን በጥርስ ቀለም ሙሌት ወይም በስስ ልባጥ መሸፈን ይቻላል። ብዙ የሚሞረደው፣ ጥርሱ ራሱ ሲፈረካከስ ነው። ይህን ቁጭ አድርጎ የሚያስረዳ ሰው ነበር የሚያስፈልጋት።

አሁን ወደ እርስዎ ልመለስ። ባለሙያዎ በቃል «ማስረጃ አምጡ» ብለውን ነበር። ካርዷን ልናወጣ ክሊኒኩ ሄድን። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ ኮምፒውተሯን አየችና «በዚህ ስም የታከመ ሰው የለም» አለችን። ክቡር ኃላፊ፣ ይህን ስትለን ከጀርባዋ ባለው ቴሌቪዥን ላይ «ከሕክምና በፊት፣ ከሕክምና በኋላ» የሚል ማስታወቂያ እየዞረ ነበር። ሦስተኛው አፍ የእህቴ ነው። ከንፈሯ ላይ ያለችው ጥቁር ነጥብ ሳትቀር ትታያለች። ታካሚ አይደለችም፤ ማስታወቂያ ግን ናት። ፍቃድሽ ነው ወይ ብሎ የጠየቃት የለም። ቪዲዮውን ቀርጸን አስገባንልዎ። እርስዎ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

ማስታወቂያው ዛሬም ቲክቶክ ላይ አለ። ሥር ሥሩ «ዋጋው ስንት ነው?» እያሉ የሚጠይቁት ልጆች ብዙ ናቸው። ከወንጂ ነኝ የምትልም አይቻለሁ። መልስ የሚሰጣቸው ፈጣን ነው፤ ከእርስዎ ቢሮ ይፈጥናል።

መርፌ የሚወጋ፣ አጥንት የሚነካ፣ ነርቭ የሚገድል ሥራ በየትኛው መመሪያ የውበት ጉዳይ እንደሆነ ቢያሳዩኝ ደስ ይለኛል። ታካሚ የሚደረግላትን አውቃ መስማማት እንዳለባት፣ ካርዷን የማግኘት መብት እንዳላት፣ ፈቃድ የሌለው ሰው ጥርስ እንደማይነካ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ተቆጣጣሪ ይላኩ። ያን ቀን ማሽኑን የያዘው ማን እንደነበር በስሙ ይጠየቅ። የእህቴ ፊት ዛሬውኑ ከዚያ ማስታወቂያ ይውረድ። መልሱን በጽሑፍ፣ ቀንና ፊርማ ያለበት አድርገው ይስጡን። በቃል የሚነገረንን ጠግበናል።

ከአክብሮት ጋር፣
ታላቅ ወንድሟ፣ አዳማ

ግልባጭ፦ «ጥርስ የጤና ነው» ብለው ለመለሱን የንግድ ፈቃድ ባለሙያ። እሳቸው ልክ ነበሩ።