የምንጠጣው ውሃ እንዴት አይመለከተንም?

ጉዳዩ ለሚመለከተው የውሃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

በማመልከቻም በቃልም አቤት ብለን ሰሚ ስላጣን በአደባባይ ልጽፍልዎ ተገድጃለሁ። ከደብረ ሲና ቁልቁል በሸዋ ሮቢት ቆላ ለምንኖር ገበሬዎች የእጅ ጉድጓዶቻችን ውሃ ጨው ሆኖብናል። የጎረቤቴ ልጅ አራስ ናት። አጥሚቷ የሚሠራው በዚሁ ውሃ ነው፤ ጨው ሳይነካው ጨው ጨው ይላል።

ውሃውን በሃይላንድ ቀድቼ ቢሮዎ ድረስ አመጣሁ። ባለሙያዎ ክዳኑን እንኳን ሳይከፍት «ጨው የባሕር ጠረፍ ችግር ነው፤ የእናንተው የቆላ ጠባይ ነው» ብሎ ሸኘኝ።

የጠረፉስ ነገር ቢሆን? በኦማን ባጢና ጠረፍ እርሻዎች ዝናቡ ከሚተካው በላይ የከርሰ ምድር ውሃ በፓምፕ ስለሳቡ ባሕሩ ወደ ጉድጓዶቹ ገብቷል። እንዲህ ባለ ቦታ ጣፋጩ ውሃ በጨዋማው ላይ ተንሳፍፎ ይኖራል፤ ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታው 1 ሜትር ሲቀንስ ከሥር ያለው ጨዋማ ውሃ እስከ 40 ሜትር ሽቅብ ሊመጣ ይችላል። ጥፋቱ ያለ ልክ የመሳብ እንጂ የባሕሩ አይደለም።

እኛ ዘንድ ባሕር የለም፤ ፓምፕና ፀሐይ ግን አሉ። የመስኖ ውሃ ሁሉ ጥቂት ጨው ይዞ ይመጣል። ፀሐይ ውሃውን ትወስድና ጨዉን ማሳው ላይ ትተወዋለች። ማጠንፈፊያ ቦይ በሌለበት መሬት ላይ የመስኖ ውሃ በላይ በላዩ ሲለቀቅ ጨዉ ወደ ከርሰ ምድር ይሰርጋል፤ ያው ውሃ ተመልሶ ሲሳብ ከበፊቱ የከረረ ይሆናል። ከጉድጓዶቻችን በላይ ባለው የባለሀብት የሽንኩርት እርሻ የትልሙ ጠርዝ ነጭ ለብሷል፤ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። የሽንኩርቱም ቅጠል ጫፍ ጫፉ ነዷል። በአዋሽ ሸለቆ አሚባራ የከርሰ ምድር ውሃው በመስኖ ብዛት ከፍ ብሎ ጨው ወደ ላይ በማውጣቱ የጥጥ ማሳዎች ተጥለው ቀርተዋል። ይህን የእርስዎ ቢሮ ከእኔ አብልጦ ያውቃል።

የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992ንም ያውቁታል። ለቤት ፍጆታ የሚውል ውሃ ከሌላው አገልግሎት ሁሉ ይቀድማል፤ እንዲህ ያለ ትልቅ እርሻም ያለ ፈቃድ ውሃ መጠቀም አይችልም። የባለሀብቱ ፓምፖች ፈቃድ የታለ ብዬ ስጠይቅ ግን «አንተን አይመለከትህም» ተባልሁ። እንዴት አይመለከተኝም? ልጆቼ የሚጠጡት ውሃ ነው!

ባለሙያዎ መለኪያውን ይዞ ይምጣ። የጉድጓዶቻችንንም የፓምፖቹንም ውሃ ይለካ፤ ውጤቱን ከፈቃዱ ቅጂ ጋር በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍልን። እስከዚያው ለመንደሩ የሚጠጣ ውሃ በቦቴ ይላክልን።

አንድ የሰሜን ሸዋ ቆላ ገበሬ