በቀን አሥር ቃል ይበቃሻል

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፦

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

የእንግሊዝኛውን መዝገበ ቃላት ከ«ኤ» ጀምረሽ በቀን 50 ቃል እንደምትሸመድጂ ሰማሁ። ትጋትሽን እወድልሻለሁ፤ መንገዱ ግን ያደክምሻል እንጂ አያደርስሽም። በፊደል ተራ የተደረደሩ ቃላት መልካቸው ስለሚቀራረብ ይምታቱብሻል። «አድቨርስ»ን እና «አቨርስ»ን ባንድ ቀን ካጠናሽ በሳምንቱ የቱ ጎጂ፣ የቱ ደግሞ የማይወድ ማለት እንደሆነ ይጠፋሻል። አንዱ ሳይጸናልሽ ሌላውን አትንኪ። በቀን ከ7 እስከ 10 ቃል ይበቃል።

የትኞቹን? የቋንቋ ተመራማሪዋ አቬሪል ኮክስሄድ በ2000 እ.ኤ.አ. ኒውዚላንድ ውስጥ ያዘጋጀችው የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር 570 የቃል ቤተሰቦች፣ ማለትም ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ስብስቦች፣ አሉት፤ ከዩኒቨርሲቲ ጽሑፍ 10 በመቶ ያህሉን ይሸፍናሉ። የሚደጋገሙት ፊት ስለተቀመጡ ከመጀመሪያዎቹ 60 ጀምሪ። «ደራይቭ»፣ «ሲግኒፊካንት»፣ «አሰስ» እዚያ አሉ። ለማሳመር ብቻ የሚለቀም ብርቅ ቃል ለጊዜው ይቆይ።

ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ካርድ ቁረጪ። ፊቱ ላይ ከመማሪያ መጽሐፍሽ ያገኘሽውን ዓረፍተ ነገር ጽፈሽ የቃሉን ቦታ ባዶ ተዪው። ጀርባው ላይ ቃሉን፣ አጭር ፍቺውን፣ አብረውት የሚሄዱትን ቃላትና ቤተሰቦቹን አስፍሪ። የአማርኛ አቻ ብቻ መጻፍ ያሳስታል። «ኖቶሪየስ»ን «ታዋቂ» ብለሽ ይዘሽ በስኮላርሺፕ ማመልከቻሽ ላይ ስለ መምህርሽ ብትጽፊው ሰደብሻቸው፤ በክፉ ሥራው ስሙ የገነነ ማለት ነውና። «ሚቲጌት»ም «ማቃለል» መሆኑን ማወቅ ብቻ አይበቃም። «ሚቲጌት ዘ ሪስክ» ይባላል፤ ከኋላው «አጌንስት» አይገባም። «አጌንስት»ን የሚፈልገው «ሚሊቴት» ነው፤ እሱ ደግሞ እንቅፋት መሆን ነው።

ጠበቅ ተደርጎ የሚነገረውን ክፍለ ቃልም አስምሪበት። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ሁሉንም እኩል ስለምናነበው አድማጭ ይቸገራል። «አናላይዝ» የመጀመሪያው ላይ፣ «አናሊሲስ» ሁለተኛው ላይ፣ «አናሊቲካል» ሦስተኛው ላይ ይጠብቃል። ቤተሰብ መሆናቸው አያታልልሽ።

ክለሳውን የዚያኑ ዕለት ማታ፣ በማግሥቱ፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሳምንቱ፣ በሁለት ሳምንቱና በወሩ አድርጊው። የሳትሽው ካርድ እንደገና ከማግሥቱ ክለሳ ይጀምራል። ስልክሽ ላይ አንኪ የተባለውን የካርድ መከለሻ መተግበሪያ ብትጭኚ ቀኑን ራሱ ይቆጥርልሻል፤ ካርዱን ግን ራስሽ ሥሪው፣ የሰው ካርድ አውርደሽ አትጠቀሚ። ሳትገለብጪው በፊት መልሱን ጮክ ብለሽ ተናገሪ። ደጋግሞ ማንበብ ያወቅሽ ያስመስልሻል፤ ፈተና ላይ ቃሉ አይመጣልሽም።

የመጀመሪያውን ሳምንት ካርዶች ጀርባቸውን ፎቶ አንሥተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ፤ አብረው የሚሄዱትን ቃላት እያየሁ አርምልሻለሁ።

እናትሽ