ለእንባዬ መንገድ ላበጃችሁልኝ

ባጃጁ የተገለበጠ ዕለት የሆነውን ታውቁታላችሁ፤ አልደግመውም። ዛሬ የመጣሁት ለማመስገን ነው።

መጀመሪያ ሲቲ ስካን ያነሳኝን ልጅ። ስሜን እንዳትጽፊ ብሎኛል፤ ቃሌን እጠብቃለሁ። ውለታውን ግን ዝም ልል አልችልም። ከዚያ በፊት ሌላ ቦታ በራጅ ብቻ ታይቼ «ምንም የለሽም» ተብዬ ነበር። ሁሉን ነገር ሁለት ሁለት እያየሁ፣ የግራ ዓይኔ ቀን ከሌት እያነባ፣ ምንም የለሽም!

ተራዬ ደርሶ ገና ስጋደም መብራት ጠፋ። የሥራ ሰዓቱ አልቋል፤ እሱ ግን አልሄደም። መብራቱ እስኪመጣ አጠገቤ ተቀመጠ። ምስሉን ስነሳ ጭንቅላቴ መነቃነቅ የለበትማ፣ እንባዬን በጎዝ እሱ ጠረገልኝ። እንደ እህቱ።

ዶክተሯ ምስሉን ካነበበችው በኋላ እሱ ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ። ፊቴ እንደ ዳቦ በስሱ በስሱ ተቆርጧል፤ አንዱ ቁራጭ 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። አጥንቱ ነጭ፣ አየሩ ጥቁር። «ራጅ ላይ አጥንቶቹ ይደራረባሉ፣ ለዚህ ነው ያልታየው» አለኝ። ዓይኔን የተሸከመው ወለል እንደ ወረቀት የሳሳ አጥንት ነው። እሱ ተሰብሮ፣ ከሥሩ ወዳለው ባዶ ቦታ ሥጋዬ ሾልኮ ወርዷል። በአፍንጫዬ ጎን ያለው አጥንትም ተሰብሮ የእንባ ቱቦዬን ዘግቶታል። «እንባ እኮ ወደ አፍንጫ ነው የሚወርደው። ስናለቅስ አፍንጫችን የሚፈሰው ለዚህ ነው» አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳለቅስ ይህን አላውቅም ነበር።

እማዬ... አንቺን መጻፍ አቃተኝ።

ዶክተሮቼ፣ መጀመሪያ ወለሉን ጠገናችሁ፤ ከወራት በኋላ ደግሞ ከእንባ ከረጢቱ ወደ አፍንጫዬ አዲስ በር ከፈታችሁ። እጃችሁ ይባረክ። ነርሶች፣ የግሽ ዓባይ ጎረቤቶቼ፣ እድርተኞች፣ በጸሎት ያሰባችሁኝ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል። ስማችሁን ያልጠራሁት ይቅር በሉኝ። ያን ሰሞን ማን መጣ ማን ሄደ የማውቅበት ልብ አልነበረኝም።

በሩ እንዳይደፈን የገባችው ቀጭን የሲሊኮን ቱቦ ባለፈው ሳምንት ወጣች። ስመለስ ጣና ዳር ወረድኩ። አንድ ሰውዬ በታንኳ ይቀዝፋል። አንድ ሰው፣ አንድ ታንኳ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ አፍንጫዬ በሁለቱም በኩል ፈሰሰ። እዚያው ሆኜ ለዚያ ልጅ ደወልኩለት።