ልጆቻችን እንግሊዝኛ ይፈተናሉ እንጂ አይናገሩም

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጅ፣

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ስለ ኩረጃ፣ ስለ መምህራን ብቃት፣ ስለ ወላጅ ቸልተኝነት ብዙ ይባላል። በ2014 ዓ.ም. ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል አገር ደነገጠ። ፈተናው በምን ቋንቋ እንደተጻፈ የሚያነሳ ግን እምብዛም አልሰማሁም። ፊዚክሱም፣ ታሪኩም፣ ሂሳቡም በእንግሊዝኛ ነው። ጥያቄው ያልገባው ልጅ መልሱን ከየት ያመጣል?

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ የምሠራው ደግሞ በዱከም መስመር ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ፣ ኳሊቲ ኮንትሮል ክፍል። እኛ አካባቢ አዲስ አበባ የሚማረው ልጅ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ሳይንስና ሂሳብ በእንግሊዝኛ ይጠብቀዋል። ትንሽ ወጣ ብሎ ኦሮሚያ ትምህርት ቤት የሚማረው ጓደኛው እስከ 8ኛ በአፋን ኦሮሞ ተምሮ 9ኛ ላይ ወደ እንግሊዝኛው ይገባል። ሁለቱም እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምረው ተምረውታል። ግን እንዴት? ከሰሌዳ እየገለበጡ፣ ፓሲቭ ቮይስ እየሠሩ፣ ባዶ ቦታ እየሞሉ። አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከአፋቸው ሳይወጣ ዓመቱ ያልቃል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ሳቁ ነው። አንድ ልጅ ተነስቶ ሲሞክርና ሲሳሳት ክፍሉ በሙሉ ይስቅበታል፤ ከዚያ ወዲያ ያ ልጅ አፉን አይከፍትም። ይህ ፍርሃት ትምህርት ሲያልቅ አብሮ አያልቅም። ሥራ ቦታ በየቀኑ አየዋለሁ፤ ማሽኑን ከማንም በላይ የሚያውቀው ኦፕሬተር የውጭ ቴክኒሻን ሲመጣ ወደ ኋላ ይላል፣ በሙያ ከሱ የሚያንሰው ግን አፉን የፈታው ቀድሞ ያስረዳል፣ ዕድገት ሲመጣም ስሙ የሚጠራው እሱ ነው። በጣም ያበሳጨኛል።

እኔ ዕድለኛ ነበርኩ። 9ኛ ክፍል የደረሱን የእንግሊዝኛ መምህር በየክፍለ ጊዜው ሁለት ሦስት ልጆች አስነስተው ስለ ሰፈራችን፣ ስለ ገበያው፣ ስለ ፈለግነው ነገር ያናግሩን ነበር። የሳቀ ቀጣዩ ተናጋሪ ራሱ ነው። ብዙም ሳይቆይ ሳቁ ቆመ። ግራመሩን ከሞላ ጎደል ረስቼዋለሁ፣ ድፍረቱ ግን አብሮኝ ቀረ፤ ዛሬ ማንዋል ገልጬ የማነበው፣ ስብሰባ ላይ እጄን የማወጣው፣ ሥራ ቦታ ካሉት ቻይናዎች ጋር እየተግባባሁ ቻይንኛም መለቃቀም የጀመርኩት በሱ ነው።

ቋንቋውማ ይቀያየራል። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሲከፈት ከውጭ ቋንቋዎች ገኖ የነበረው ፈረንሳይኛ ነው። በአቃቂና በዱከም አልፎ ጅቡቲ ይወርድ የነበረው የድሮው ባቡርም ሥራው በፈረንሳይኛ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን ባቡር የሠሩት ደግሞ ቻይናዎች ናቸው። ከሃያ ዓመት በኋላ በዚህ መስመር ምን ቋንቋ እንደሚያስፈልግ ማን ያውቃል? አንዱን ቋንቋ ሳይፈራ የተማረ ልጅ ሌላውንም ይደፍራል።

ገንዘብ ያለው ልጁን ውድ የግል ትምህርት ቤት ልኮ ያናግረዋል። የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆችስ? ክፍሉ እንደሚጨናነቅ አውቃለሁ፣ መምህራኑም ብዙ ጫና አለባቸው። ግን ከክፍለ ጊዜው 10 ደቂቃ ለንግግር ብቻ መስጠት አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም። ወላጆችም ልጅ እቤት ሲሞክር አንሳቅበት።

ዝግጅት ክፍላችሁን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ጋዜጠኛ ልካችሁ ከከተማው ዳር ባሉ ትምህርት ቤቶች የ7ኛና የ9ኛ ክፍል ሳይንስ ክፍለ ጊዜ ገብቶ ያዳምጥ። መምህሩ በምን ቋንቋ ያስረዳል? ልጆቹስ በምን ቋንቋ ይጠይቃሉ? የሚጠይቅ ልጅስ አለ? ያያችሁትን ጻፉልን።

የሁለት ልጆች እናት
ከቱሉ ዲምቱ